ውሃና እንፋሎት አብረው ሲያልፉ፦ ለወጣቱ መሐንዲስ የቫልቭ ምክር

ልጄ፣ ትምህርቱን ተምረሃል፤ የእንፋሎት ሠንጠረዥ ታነባለህ፣ ቀመሩንም በቃልህ ይዘኸዋል። ሥራውን እንደምትወደውም አይቻለሁ። የምፈራልህ አንድ ነገር ነው፤ ትቸኩላለህ። ውሃ ብቻ ወይም እንፋሎት ብቻ በሚያልፍበት ቫልቭ ላይ ችኮላ ብዙ አይጎዳህም፤ መጽሐፉ ደግፎ ያሻግርሃል። ሁለቱ ተደባልቀው ሲመጡ ግን በችኮላ የተጻፈ አንድ ቁጥር የግፊቱን መውደቅ ሠላሳ እጥፍ ገደማ ሊያዛባብህ ይችላል። ይህን የምልህ ላስፈራራህ ብዬ አይደለም፤ ከታች እያሰላሁ አሳይሃለሁ። በስኳር ፋብሪካ የኮንደንሴት መስመርም ሆነ በአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ጉድጓድ አፍ ላይ ሥራው የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፦ ቫልቩ ዘንድ የደረሰው ፈሳሽ ምን እንደሆነ ከማወቅ። ወረቀትና እርሳስ ይዘህ ቀስ ብለህ አንብብ።

1. ቀመር ከመፈለግህ በፊት ቧንቧው ውስጥ ያለውን ጻፍ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ግፊቱ ስንት ነው? ሙቀቱስ? ከጠቅላላው ክብደት ምን ያህሉ እንፋሎት ነው? ቫልቩን ሲያልፍስ አዲስ እንፋሎት ይፈጠራል ወይስ አይፈጠርም? ብዙዎች የሚዘሉት ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ነው። ከኮምፕሬሰር የመጣ አየር ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲሄድ አየሩ ይሰፋል እንጂ ውሃው ወደ ጋዝ አይለወጥም። በመፍያ ልኩ ላይ ያለ የቦይለር ውሃ ግን ግፊቱ በወረደ ቁጥር እዚያው ቫልቩ ውስጥ ይፈላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ዓይነት ቧንቧ ናቸው፤ ስሌታቸው ግን ለየብቻ ነው። በባቱና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ባለው በአሉቶ ደግሞ ሦስተኛ እንግዳ አለ። እዚያ የፍለጋ ጉድጓዶች የተቆፈሩት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ነው፤ ከምድር በታች ያለው ሙቀት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቦታ አለ፤ ወደ ላይ የሚመጣውም ውሃ፣ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ላይ ነው። ጋዝ ባለበት መስመር የጌጁን ግፊት ብቻ ይዘህ ወደ እንፋሎት ሠንጠረዥ ብትገባ የምታነበው ሙቀት ከእውነተኛው ይበልጣል፤ ከግፊቱ ከፊሉን የተሸከመው ጋዙ ነውና። ስለዚህ ግፊቱንም ሙቀቱንም ለየብቻ ለካ፤ አንዱን ከሌላው አትበደር።

2. ጌጅ ላይ ያነበብከውን ወደ ፍጹም ግፊት ስትለውጥ የቆምክበትን ከፍታ አትርሳ። ጌጁ የሚነግርህ ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ነው። መጽሐፉ 1.013 ባር ጨምር ይልሃል፤ መጽሐፉ ያሰበው ግን በባሕር ወለል ላይ ያለውን ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ 2,350 ሜትር አካባቢ፣ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ወንጂ ዝቅ ስለሚል 0.84 ባር ገደማ ይሆናል። በ10 ባር መስመር ላይ ይህ ልዩነት ትንሽ ነው። ጌጁ 0.5 ባር በሚያሳይ የፍላሽ ታንክ ላይ ግን አዲስ አበባ ውስጥ እውነተኛው ግፊት 1.26 እንጂ 1.51 ባር አይደለም፤ የእንፋሎቱ እፍግታም ካሰብከው ወደ 16 በመቶ ያንሳል። ቧንቧው የሚጠብብህ እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

3. የክብደት ድርሻንና የይዘት ድርሻን አታምታታ። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ልያዝ ብትለኝ ይህን ያዝ እልሃለሁ። ድርቀቱ 0.2 ነው ሲባል ከእያንዳንዱ 1 ኪሎ 200 ግራሙ እንፋሎት፣ 800 ግራሙ ውሃ ነው ማለት ነው። ወጣቱ ይህን ሲሰማ በሐሳቡ የሚያየው ከአምስት አራት እጁን ውሃ የሞላው ቧንቧ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። በ10 ባር ፍጹም ግፊት፣ ማለትም በ180 ዲግሪ ገደማ፣ 1 ኪሎ እንፋሎት 194 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ 1 ኪሎ ውሃ የሚይዘው 1.13 ሊትር ብቻ ነው። 200 ግራሙ እንፋሎት 38.9 ሊትር፣ 800 ግራሙ ውሃ ደግሞ 0.9 ሊትር ይሆናል። ድምሩ 39.8 ሊትር ነው፤ ከዚህም 98 በመቶ ገደማው የእንፋሎት ነው። አየህ፣ በክብደት ውሃ የሆነው ነገር በይዘት እንፋሎት ነው። ድርቀቱ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ ከቧንቧው ይዘት ከ60 በመቶ በላይ የሚይዘው እንፋሎቱ ነው። ይህ ስሌት ሁለቱ በእኩል ፍጥነት ይሄዳሉ ብሎ ነው፤ እንፋሎቱ ቀድሞ ከሮጠ ድርሻው ጥቂት ይቀንሳል፤ ነገሩ ግን ከመሠረቱ አይለወጥም።

4. እፍግታውን ከዚያው ከ39.8 ሊትር አውጣ፤ አማካይ ብለህ በዘፈቀደ አትደባልቅ። 1 ኪሎ ለ39.8 ሊትር ሲካፈል በኪዩቢክ ሜትር 25 ኪሎ ይሆናል። አሁን ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ባለ 4 ኢንች ግሎብ ቫልቭ እንውሰድ። የመቋቋሚያ ቁጥሩ፣ ኬ የምንለው፣ 5.8 ገደማ ነው። በሰዓት 30 ቶን ሲያልፍበት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በሰከንድ 1,015 ኪሎ ያልፋል ማለት ነው። የግፊቱን መውደቅ ለማግኘት ይህን ቁጥር በራሱ ታባዛለህ፣ በኬ ታባዛለህ፣ ከዚያም ለእፍግታው እጥፍ ታካፍላለህ። የሚያልፈው ሁሉ ውሃ ቢሆን ውድቀቱ 0.034 ባር ብቻ ነበር። 25 ኪሎውን ስታስገባ 1.2 ባር ይሆናል፤ ሠላሳ አምስት እጥፍ። ክብደትና ይዘት የተምታታበት ሰውስ? እሱ 20 በመቶውን የእንፋሎት እፍግታ ከ80 በመቶው የውሃ እፍግታ ጋር ይደምርና 711 ኪሎ ያገኛል፤ መልሱም 0.042 ባር ይሆናል። ያን ያህል ትንሽ ቁጥር ያየ ሰው ቫልቩን ከቁጥር ሳያስገባው ያልፋል። መስመሩ ሲነሳ ግን ሴፓሬተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ከ1 ባር በላይ ይጠፋበታል፤ ከዚያ በኋላ ጥፋቱን ጉድጓዱ ላይ፣ ፓምፑ ላይ፣ ኦፕሬተሩ ላይ ሲፈልግ ይከርማል።

በነገርህ ላይ የድብልቁን ፍጥነትም አትለፈው። 1,015 ለ25 ሲካፈል በሰከንድ 40 ሜትር ነው። የውሃ ጠብታ ተሸክሞ በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ እንፋሎት የቫልቩን መቀመጫ ይበላዋል። የግፊቱ ቁጥር ደህና ቢመስልህ እንኳ ይህ ፍጥነት ብቻውን ሰፋ ያለ ቫልቭ ፈልግ ይልሃል።

5. ውድቀቱ ከመግቢያው ፍጹም ግፊት አንድ አሥረኛ ካለፈ በአንድ እፍግታ አትጨርስ። አሁን ያገኘነው 1.2 ባር ከ10 ባር 12 በመቶ ነው። ግፊቱ ከ10 ወደ 9 ባር ሲወርድ ጥቂት ውሃ ተጨማሪ እንፋሎት ይሆናል፣ የነበረው እንፋሎትም ይሰፋል፤ 39.8 የነበረው ሊትር 45.7 ይደርሳል፣ እፍግታውም ከ25 ወደ 22 ይወርዳል። ስለዚህ በመግቢያው እፍግታ ብቻ የተሠራው መልስ ያንሳል፤ በመካከለኛው ስታሰላው ወደ 1.3 ባር ይጠጋል። ድብልቁ ሲሰፋ ይፈጥናል፣ መፍጠኑም የራሱን ግፊት ይበላል። እዚህ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ውድቀቱ 3 ባር፣ 4 ባር ሲሆን ግን በደረጃ ከፋፍለህ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ሠንጠረዡን መልሰህ እየከፈትክ ሥራ። አሰልቺ ነው፤ ሥራው ግን ይኸው ነው።

6. ሁልጊዜ ፍሰቱ ታንቆ እንደሆነ ጠይቅ። ብዙ ልፋት በከንቱ ሲቀር ያየሁት እዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ እነግርሃለሁ። ቫልቩን ያለፈው መስመር ላይ ግፊቱን በቀነስክ ቁጥር የሚያልፈው ይጨምራል፤ ግን እስከ ወሰኑ ድረስ ነው። በጠባቡ ጉሮሮ ውስጥ የድብልቁ ፍጥነት በድብልቁ ውስጥ ድምፅ ከሚሄድበት ፍጥነት ጋር ሲተካከል፣ ወዲያ ማዶ ግፊቱ መውረዱን ወዲህ ሊያደርስ የሚችል ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ማዶውን ወደ ባዶነት ብታወርደው እንኳ በሰዓት አንዲት ኪሎ አትጨምርም፤ መታነቅ ማለት ይህ ነው።

ይህ በድብልቅ ላይ ቶሎ የሚመጣበት ምክንያት አለው። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ገደማ፣ በአየር ውስጥ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ውሃና አየር በይዘት እኩል ተደባልቀው በከባቢ አየር ግፊት ላይ ሲሆኑ ግን የድምፁ ፍጥነት ወደ 20 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከሁለቱም በጣም ያንሳል! አረፋው ድብልቁን በቀላሉ የሚጨመቅ ያደርገዋል፣ ውሃው ደግሞ ክብደቱን ይሰጠዋል፤ የሚጨመቅና ከባድ በሆነ ነገር ውስጥ ድምፅ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ለንጹሕ ውሃም ሆነ ለንጹሕ እንፋሎት ምንም ያልሆነ ፍጥነት ለድብልቁ ማነቂያው ሊሆን ይችላል። የእኛ ድብልቅ፣ በ10 ባር ድርቀቱ 0.2 የሆነው፣ እንደ አንድ ወጥ ፈሳሽ ሲሰላ ጉሮሮው ላይ 6.4 ባር ገደማ ሲደርስ ይታነቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ገና አንድም እንፋሎት የሌለበት፣ ነገር ግን በመፍያ ልኩ ላይ ያለ ውሃ ነው፤ ከማሞቂያ የሚወጣ ኮንደንሴት ማለት ነው። ወጣቱ መሐንዲስ ያየዋል፤ ወዲህ 10 ባር፣ ወዲያ ታንኩ ውስጥ 1 ባር፣ ልዩነቱ 9 ባር። ውሃ ነው ብሎ 9ኙን በውሃ ቀመር ውስጥ ያስገባል። ነገር ግን ውሃው ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ወዲያው ይፈላል። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የቫልቭ መለኪያ ደንብ በሚሰጠው መንገድ ብታሰላው፣ የግፊት ማስመለሻ ቁጥሩ 0.9 ለሆነ ግሎብ ቫልቭ በስሌቱ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ትልቁ ልዩነት 0.8 ባር ገደማ ብቻ ነው። 9 ያስገባ ሰው ቫልቩ ከሚችለው ከሦስት እጥፍ በላይ ያሳልፋል ብሎ ያምናል፤ የሚገዛውም ከሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛ እንኳ የማይሞላ ቫልቭ ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ኮንደንሴቱ መውጫ አጥቶ ማሞቂያው ውስጥ ተጠራቀመ፤ ቫልቩ ተበላሽቷል እየተባለ ደጋግሞ ተፈታ፣ ጸዳ፣ ተመልሶ ተገጠመ። ቫልቩ ግን ከመጀመሪያው ጤነኛ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ያው ውሃ በ10 ባር ግፊት ላይ እያለ 180 ሳይሆን 160 ዲግሪ ሆኖ ቢደርስ 0.8 ባር የነበረው ወሰን 3.5 ባር ገደማ ይደርሳል። 20 ዲግሪ ይህን ያህል ይለውጣል። ስለዚህ ኮንደንሴቱ በምን ሙቀት እንደሚመጣ ሳይለካ ስሌት ለሚያቀርብልህ ሰው ወረቀቱን መልስለት። ቫልቩንም ከታንኩ አጠገብ፣ ከፍታ ካለው ውሃ በታች ማስቀመጥ የሚመከረው ስለዚህ ነው፤ በላዩ የቆመው የውሃ ክብደት የሚጨምረው ጥቂት ግፊት መፍላቱን ያዘገየዋል።

መታነቅ ጠላት ብቻ አይደለም። ራስል ጄምስ በኒውዚላንድ የእንፋሎት ጉድጓዶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው የመለኪያ ዘዴ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ጉድጓዱ ወደ አየር ሲለቀቅ ድብልቁ በቧንቧው አፍ ላይ ይታነቃል፤ ልክ አፉ ላይ ያለውን ግፊት ለክተህ፣ ተለይቶ የሚወርደውን ውሃ ደግሞ በመስፈሪያ ቦይ ለክተህ፣ ስንት ቶን ከምን ያህል ሙቀት ጋር እንደሚወጣ ታገኛለህ። ዛሬም ጉድጓድ ሲፈተን ይህ ዘዴ ይሠራበታል። ነገሩን የተረዳ ሰው ከሚያስቸግረው ነገር መሣሪያ ሠራ።

7. የቫልቩን ዓይነትና ካታሎጉ በምን እንደተለካ እወቅ። ባለ 4 ኢንች ጌት ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ኬው 0.14 ገደማ ነው፤ የግሎቡ 5.8 ነበር። አርባ እጥፍ ማለት ነው። በሥዕሉ ላይ ሁለቱም «ቫልቭ» ተብለው ይጻፋሉ፤ አንተ ግን ሄደህ በዓይንህ እይ። ካታሎጉ ላይ ያለው ኬቪ ደግሞ ቫልቩ 1 ባር ግፊት ሲጥል በሰዓት የሚያሳልፈው ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ነው። ውሃ ብቻ ነው የተለካው። ከላይ የጠቀስኩት ደንብ ራሱ ለፈሳሾች ድብልቅ እንዳልተዘጋጀ ይናገራል፤ የቫልቭ ሻጩ ይህን ላይነግርህ ይችላል። ቦል ቫልቭና በተርፍላይ ቫልቭ ክፍት ሲሆኑ ቀላል ናቸው፤ ነገር ግን ጉሮሯቸው ላይ ግፊቱ በጣም ወርዶ ከዚያ መልሶ ስለሚያንሰራራ ከግሎብ ይልቅ ቀድመው ይታነቃሉ። ለሚፈላ ውሃ መቆጣጠሪያ ቦል ቫልቭ ርካሽ ነው ብለህ አትምረጥ።

8. ቢያንስ በሁለት መንገድ አስላ፣ መልሱንም ከዚህ እስከዚህ ብለህ ጻፍ። የመጀመሪያው መንገድ እስካሁን የሠራንበት ነው፤ ሁለቱን እንደ አንድ ወጥ ፈሳሽ መቁጠር። ድብልቁ በፍጥነት ሲሄድና በጉሮሮው ሲናወጥ ለእውነቱ ቅርብ ነው፤ እሱን ጀምርበት። ሁለተኛው እንፋሎቱ ውሃውን ቀድሞ እንደሚሮጥ የሚቆጥር ነው። ሎክሃርትና ማርቲኔሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጡትን ሥራ ሁሉም ይጠቅሳል፤ እሱ ግን የተሠራው ለቀጥተኛ ቧንቧ ነው፤ እንዳለ አንሥተህ ቫልቭ ላይ አትለጥፈው። ቺዝም ከዚያ ተነሥቶ ለክርንና ለቫልቭ የሚሆን መንገድ አዘጋጅቷል፤ ለጌትና ለግሎብ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱ መንገዶች አንዳንዴ በግማሽ፣ አንዳንዴም በእጥፍ ይለያያሉ። ይህን ስታይ አትደንግጥ፤ የሚያስፈራው አንዱን ብቻ ሠርቶ ሦስት የአሥርዮሽ አሃዝ የሚጽፍ ሰው ነው። አለቃህ አንድ ቁጥር ስጠኝ ቢልህ ሁለቱን ስጠውና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አስረዳው።

ኮምፒውተሩም ያው ከነዚህ መንገዶች አንዱን ነው የሚሠራው። የትኛውን እንደመረጠ ካላወቅህ መልሱን አትጠቀምበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። በእጅህ በአንድ ገጽ ላይ ያልሠራኸውን ነገር ፕሮግራሙ ትክክል መሥራቱን በምን ታውቃለህ?

9. ከቫልቩ በፊት ያለውን ቧንቧ ሄደህ እይ። በተጋደመ ቧንቧ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄድ ድብልቅ ይለያያል፤ ውሃው ከታች፣ እንፋሎቱ ከላይ። ፍጥነቱ ሲጨምር ውሃው እየተጠራቀመ ቧንቧውን ሞልቶ ይወረወራል፤ ስላግ የምንለው ነው። ያን ጊዜ ቫልቩ አንዴ ውሃ፣ አንዴ እንፋሎት ያያል፤ የግፊቱ መውደቅም ቋሚ ቁጥር መሆኑ ያከትማል። አማካዩን ልታሰላ ትችላለህ፤ ድጋፉን የሚነቅለው ግን አማካዩ አይደለም። ክርን ከቫልቩ ጋር ተጣብቆ ከተገጠመም ውሃውን ወደ አንድ ጎን ይጥለዋል፣ ቫልቩም ካሰብከው ውጭ ይሠራል። ለእንዲህ ዓይነቱ መስመር የምሰጥህ ምክር አንድ ነው፤ ኦፕሬተሩ ቫልቩን ቀስ ብሎ እንዲከፍት በመመሪያው ላይ ጻፍለት፣ ከመከፈቱ በፊት የቆመው ውሃ የሚፈስበት ማፍሰሻም አስገጥም። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

10. አዲስ ቫልቭና አምስት ዓመት የሠራ ቫልቭ አንድ አይደሉም። የጉድጓድ ውሃ በቫልቩ ውስጥ ሲፈላ የተሸከመው ካልሳይትና ሲሊካ እዚያው ይጋገራል፤ መንገዱ ይጠባል፣ ውድቀቱም ይጨምራል። በፍጥነቱ የተበላ መቀመጫ ደግሞ በተቃራኒው ይሰፋል። ስሌትህ ላይ የትኛውን ጊዜ እንዳሰላህ ጻፍ።

11. ስትሳሳት ወዴት መሳሳት እንደሚሻል አስቀድመህ ወስን። ኮንደንሴቱ በራሱ ክብደት ብቻ ወደ ታንክ እንዲወርድ ከሆነ የፈለግኸው፣ ውድቀቱን ከፍ አድርገህ ገምት፤ ቢሳሳት ትርፍ አቅም ይኖርሃል። የመቆጣጠሪያ ቫልቭ ተበላሽቶ ሙሉ በሙሉ ቢከፈት ማዶ ያለው ታንክ ምን ያህል ይመጣበታል ብለህ ስታሰላ ግን ውድቀቱን ከፍ ማድረግ አደጋ ነው፤ የሚመጣውን አሳንሰህ ታያለህና። ያኔ ዝቅተኛውን ኬ፣ ትልቁን ፍሰት ውሰድ። ሁልጊዜ ለጥንቃቄ ብዬ 20 በመቶ ጨመርኩ የሚል መሐንዲስ ጥንቃቄው በየትኛው ወገን እንደሆነ አላሰበም።

የደህንነት ቫልቭ ሲሆን ደግሞ ብቻህን አትወስን። ድብልቅ የሚያወጣ የደህንነት ቫልቭ በእንፋሎት ቀመር ብቻ ወይም በውሃ ቀመር ብቻ ከተመረጠ አንሶ ሊገኝ ይችላል፤ ያነሰ የደህንነት ቫልቭ ደግሞ ከነጭራሹ እንደሌለ ነው። የአሜሪካ ኬሚካል መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1976 ለዚሁ ጉዳይ የምርምር ቡድን ያቋቋመው ችግሩ የምር ስለሆነ ነው። ሊዩንግ በ1980ዎቹ ያዘጋጀውና የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ደንብ ውስጥ የገባው የኦሜጋ ዘዴ ሁለት ይዘቶችን ብቻ ይጠይቅሃል፤ በመግቢያው ላይ ያለውንና ግፊቱ 10 በመቶ ሲወርድ ያለውን። ለእኛ ድብልቅ 39.8 እና 45.7 ሊትር መሆናቸው ነው፤ ከላይ የሰጠሁህ 6.4 ባር የወጣውም ከእነዚሁ ከሁለቱ ነው። እርሳስህን አንሣና ራስህ አውጣው። ከዚያ ግን ሥራህን ሌላ መሐንዲስ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያሰላው ስጥ፤ ያንተን መልስ ሳታሳየው።

12. መስመሩ ሲነሳ ግምትህን ይዘህ ሂድ። ከቫልቩ በፊት የቧንቧውን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ርቀህ፣ ከቫልቩ በኋላ ስድስት እጥፍ ያህል ርቀህ ግፊት የሚለካበት ቦታ በሥዕሉ ላይ ከጅምሩ አስገባ፤ ቫልቮች ሲፈተኑ የሚለካው በዚህ ርቀት ነው። ለድብልቅ ከቫልቩ በኋላ ያለውን ከዚያም አርቀው፤ ግፊቱ ተረጋግቶ እስኪያንሰራራ ረጅም መንገድ ይፈልጋል። ጌጆቹን ከቧንቧው ጎን ወይም ከላይ አስገጥም፤ ከታች ያለ ቀዳዳ ውሃና ቆሻሻ ይሞላዋል። ሁለቱም ጌጆች በአንድ ቀን ሲፈተኑ አብረህ ቁም። ከዚያ በተለያየ ፍሰት፣ በትንሹም በትልቁም፣ ንባቡን መዝግብና ከግምትህ ጎን ጻፈው። ልዩነት ስታይ መጀመሪያ ድርቀቱን ጠርጥር፣ ቀጥሎ ጌጁን፣ ከዚያ የቫልቩን መከፈት ልክ፤ ኬን የምትነካው መጨረሻ ላይ ነው። ወረቀቱን ከነቀኑና ከነፊርማህ በመስመሩ ፋይል ውስጥ አስቀምጥ፤ አንድ ቅጂም ለፈረቃ ኃላፊው ስጠው፤ ቫልቩ ወደፊት ሲጠብ ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።